ስፋትን የማያዛባ የካርታ ፕሮጀክሽን አመራረጥ፦ ከማሳ እስከ ዓለም ካርታ

በድረ ገጽ ላይ የተለመደውን የዓለም ካርታ ከፍተው ኢትዮጵያንና ስዊድንን ቢያስተያዩ፣ ስዊድን እጥፍ ያህል ሰፍታ ትታይዎታለች። እውነቱ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት 1.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የስዊድን 450 ሺህ አካባቢ ነው፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። ግሪንላንድም በዚያው ካርታ ላይ አፍሪካን ታክላለች፤ አፍሪካ ግን 14 ግሪንላንዶችን ትውጣለች።

ክብ ምድርን ጠፍጣፋ ካርታ ላይ የማንጠፊያ ዘዴ ፕሮጀክሽን ይባላል፤ ይህ ካርታ የተሠራበት ፕሮጀክሽን መርካቶር ነው። ጌራርዱስ መርካቶር እ.ኤ.አ. በ1569 ያወጣው ለባሕር ጉዞ ነበር፤ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚቀዝፍ መርከብ መንገዱ ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ እንዲወጣ። ለዚያ ሥራ ግሩም ነው፤ ስፋት ለማነጻጸር ግን አልተሠራም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መርካቶርን ስፋት በሚጠብቅ ካርታ ለመተካት የተከፈተውን ዘመቻ መደገፉ ተገቢ ነበር እላለሁ።

ጉዳዩ ግን ከግድግዳ ካርታ አልፎ ሪፖርት ውስጥም ይገባል። በድረ ገጽ መርካቶር ላይ እንዳለ የተለካ መሬት ሞያሌ አካባቢ 1 በመቶ፣ አዲስ አበባ ዙሪያ 3 በመቶ፣ ሁመራ ላይ 7 በመቶ ያህል ከእውነተኛ ስፋቱ በልጦ ይወጣል። የሁመራ 100 ሄክታር የሰሊጥ እርሻ ወረቀት ላይ 107 ሄክታር ሆነ ማለት ነው። በሄክታር የሚሰላው ዘር፣ ማዳበሪያና የምርት ግምት ሁሉ ከዚያ የተሳሳተ ቁጥር ይነሳል። ከሁሉ የሚከፋው ስህተቱ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው፤ ሰሜኑን ከደቡቡ ጋር ስናነጻጽር የሌለ ልዩነት ይፈጥራል።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው የተጻፈ ነው፤ ሐሳቡ በሌላውም ሶፍትዌር ያው ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምርጫው በፊት መያዝ ያለበት ነጥብ

ክብ የሆነችውን ምድር ሳይለጥጡና ሳያጨማድዱ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ማንጠፍ እንደማይቻል ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1827 በሒሳብ አረጋግጧል። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮጀክሽን አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን ይለቃል። መርካቶር የሚጠብቀው ማዕዘንን ነው፤ አንድን ቦታ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ሲለጥጠው ወደ ሰሜንና ደቡብም በዚያው ልክ ይለጥጠዋል። 60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ልጠጣው በየአቅጣጫው ሁለት እጥፍ ስለሆነ ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስፋት ጠባቂ የምንላቸው ግን በአንድ አቅጣጫ በለጠጡት ልክ በሌላው ያሳጥራሉ፤ የሁለቱ ብዜት የትም ቦታ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ። ስፋት ጠባቂ ፕሮጀክሽኖች ሁሉ ስፋትን እኩል ይጠብቃሉ፤ በዚህ አንዱ ከሌላው አይሻልም። ዋጋው የሚከፈለው በቅርጽ ነው። መምረጥ ማለትም ያ ዋጋ ከሥራችን ቦታ ርቆ እንዲከፈል ማድረግ ነው። በጄምስ ጎል በ1855 ተሠርቶ አርኖ ፒተርስ በ1973 ያስተዋወቀውን የጎል ፒተርስ ካርታ ይመልከቱ። ስፋቱ እንከን የለውም፤ ቅርጹን ሳያዛባ የሚያሳየው ግን 45ኛው ዲግሪ ላይ ያሉትን አገሮች ነው። ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ርዝመት ከምሥራቅ ምዕራቡ አንጻር ወደ ሁለት እጥፍ ይሳባል። ለአፍሪካ ተብሎ የሚሰቀል ካርታ የአፍሪካን ቅርጽ እንዲህ ሲያበላሽ ያሳዝናል፤ የተሻለ አማራጭ ሞልቷልና።

1ኛ፦ መለካት ነው ወይስ ማሳየት?

የሚፈልጉት ቁጥር ብቻ ከሆነ ፕሮጀክሽን መምረጥ ላያስፈልግዎት ይችላል። ኪውጂአይኤስ ስፋትን በምድር ሞዴሉ፣ ማለትም በኤሊፕሶይዱ ላይ በቀጥታ ማስላት ይችላል። በፕሮጀክቱ ማስተካከያ ውስጥ «ኤሊፕሶይድ» የሚለው ቦታ ላይ ደብሊውጂኤስ 84 (ጂፒኤስ የሚጠቀምበት የምድር ሞዴል) መመረጡን፣ የስፋት መለኪያውም ሄክታር ወይም ካሬ ሜትር መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ በፊልድ ካልኩሌተር ውስጥ የዶላር ምልክት የሚቀድመውን «ኤሪያ» ይጠቀሙ።

ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው። በዚያው ካልኩሌተር ውስጥ ጂኦሜትሪውን በቅንፍ የሚቀበል ሌላ «ኤሪያ» አለ። እሱ ኤሊፕሶይድ አያውቅም፤ ሌየሩ (የካርታው የዳታ ንብርብር) በተቀመጠበት ፕሮጀክሽን ላይ እንዳለ ጠፍጣፋ ስሌት ይሠራል። ሌየሩ በዲግሪ ከሆነ መልሱ «ካሬ ዲግሪ» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ምንም ትርጉም የለውም። የድረ ገጽ መርካቶር ከሆነ የሁመራው 7 በመቶ ይገባበታል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሁለቱን የሚያቀላቅል ሰው ብዙ ነው።

ካርታ የሚያትሙ፣ የሕዝብ ጥግግትን በቀለም የሚያሳዩ፣ በነጥብ ብዛት የሚገልጹ ወይም ከሳተላይት ምስል ፒክስል የሚቆጥሩ ከሆነ ግን ስፋት ጠባቂ ፕሮጀክሽን ግድ ነው። የጥግግት ካርታ አንባቢ ዓይኑ የሚያነበው የቀለሙን ስፋት ነው፤ ወሰኑ ከተለጠጠ መልእክቱም አብሮ ይለጠጣል።

2ኛ፦ የቦታውን ዳርቻ ይጻፉ

አራት ቁጥር ይያዙ፦ የሰሜን፣ የደቡብ፣ የምሥራቅና የምዕራብ ጫፍ። ለኢትዮጵያ በግምት ከ3.4 እስከ 14.9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ፣ ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። መሃሉ 9 ዲግሪ ሰሜንና 40.5 ዲግሪ ምሥራቅ አካባቢ ይውላል። በኪሎ ሜትር ሲታይ ከምዕራብ ምሥራቅ 1,650፣ ከደቡብ ሰሜን 1,270 ያህል ነው። የሚቀጥለው ውሳኔ ሁሉ ከእነዚህ ቁጥሮች ይመነጫል።

3ኛ፦ እንደ ስፋቱ ይምረጡ

ማሳ፣ ቀበሌ፣ ወረዳ ከሆነ ብዙ አይጨነቁ፤ ዩቲኤም ይበቃል። ዩቲኤም ምድርን ባለ 6 ዲግሪ ኬንትሮስ ዞኖች ከፍሎ የሚያሳይ ሲሆን በመሠረቱ ማዕዘን ጠባቂ ነው፤ ነገር ግን በራሱ ዞን ውስጥ ስህተቱ ኢምንት ነው። በዞኑ መሃል መስመር ላይ አንድ ሄክታር 8 ካሬ ሜትር ያህል ይጎድላል፤ በዞኑ ጠርዝ ላይ 20 ካሬ ሜትር ያህል ይጨምራል። በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ከዚህ በላይ ይሳሳታል። ዋናው ነገር ዞኑን አለማሳሳት ነው። ኢትዮጵያ በሦስት ዞን ትገባለች፤ ድንበሮቹም 36ኛውና 42ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ናቸው። ጋምቤላና መቱ በዞን 36፣ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ በዞን 37፣ ጅጅጋ በዞን 38 ውስጥ ናቸው። ድሬዳዋና ሐረር ጎረቤት ቢሆኑም 42ኛው ዲግሪ በመካከላቸው ያልፋል፤ ድሬዳዋ 37፣ ሐረር 38 ነው።

ለአገር አቀፍ ሥራ ግን ዞን 37ን ለሁሉም መጠቀም የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። የሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ስፋት በ2.4 በመቶ ገደማ ይጋነናል፤ ምዕራቡ ጫፍ ላይ በ1 በመቶ። መሃል አገር ትክክል ሆኖ ዳር አገር ብቻ የሚያብጥበት ካርታ ለግጦሽ መሬት ወይም ለሕዝብ ጥግግት ንጽጽር አይሆንም።

በአገር ደረጃ ቅርጹን ይዩ። ርዝመቱና ወርዱ ተቀራራቢ ለሆነ አገር የላምበርት አዚሙታል ስፋት ጠባቂ፣ ላምበርት በ1772 ያወጣው፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። መሃሉን አገሩ መሃል ላይ ይተክላሉ፤ ከዚያ በየአቅጣጫው በርቀት ልክ ብቻ ቅርጽ በጥቂቱ ይዛባል። ኢትዮጵያን 9 እና 40.5 ላይ ቢተክሉት ጫፍ ላይ እንኳ የርዝመት መዛባቱ 0.2 በመቶ ያህል ነው፤ ስፋቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ይጠበቃል።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለተዘረጋና ከምድር ወገብ ራቅ ላለ አገር የአልበርስ ሾጣጣ ፕሮጀክሽን (1805) ይሻላል። አሜሪካ የምትሠሩ ወገኖች ዝግጁውን ኢፒኤስጂ 5070 (ኢፒኤስጂ የፕሮጀክሽኖች መለያ ቁጥር መዝገብ ነው) ታገኙታላችሁ፤ መደበኛ ኬክሮሶቹ፣ ማለትም ቅርጽ የማይዛባባቸው መስመሮች፣ 29.5 እና 45.5 ናቸው። ኤውሮፓ ላሉት ኢፒኤስጂ 3035 አለ፤ እሱ የላምበርቱ ዓይነት ነው። አልበርስን ለራስዎ ቦታ ሲያበጁ የሚሠራበት ደንብ ቀላል ነው፤ የሰሜን ደቡብ ርዝመቱን ለስድስት ይከፍሉና አንዱን መደበኛ ኬክሮስ ከታች አንድ ስድስተኛ ገባ ብሎ፣ ሌላውን ከላይ አንድ ስድስተኛ ወረድ ብሎ ያስቀምጣሉ። ለኢትዮጵያ 5.3 እና 13 ይሆናል፤ ውጤቱም ከላምበርቱ እምብዛም አይለይም። እንደ ቺሊ ከሰሜን ወደ ደቡብ ለረዘመ ተጋዳሚ ሲሊንደራዊ፣ እንደ ኢንዶኔዥያ የምድር ወገብን ተከትሎ ለተዘረጋ ቀጥተኛ ሲሊንደራዊ ስፋት ጠባቂ ይፈልጉ።

ክልሎችን እርስ በርስ ካነጻጸሩ ለእያንዳንዱ የተለየ ፕሮጀክሽን አያብጁ። አገር አቀፉን አንድ ፕሮጀክሽን ለሁሉም ይጠቀሙ፤ ካርታዎቹ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በአንድ ልክ ይነበባሉ።

ለአፍሪካ በሙሉ የምድር ወገብ አህጉሩን መሃል ለመሃል ስለሚያልፍ ሾጣጣ ጥቅሙ ይቀንሳል። ሁለቱ መደበኛ ኬክሮሶች አንዱ ሰሜን ሌላው ደቡብ ሲሆኑ ሾጣጣው ሲሊንደር ለመሆን ይቃረባል። ኤስሪ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ኩባንያ ቁጥር 102022 የተመዘገበው የአፍሪካ አልበርስ ስፋትን በትክክል ይጠብቃል፤ ለዓይን ግን ላምበርቱን ምድር ወገብ አካባቢና 20ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ላይ መትከል ይሻላል። ቱኒዚያና ኬፕታውን ጫፍ ላይ 5 በመቶ ያህል የርዝመት መዛባት ይኖራል፤ በአህጉር ደረጃ ይህ አይታወቅም።

ለዓለም ካርታ ኢኩዋል ኧርዝ የተባለውን እመርጣለሁ፤ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 8857 ነው። ቦያን ሻቭሪች፣ ቶም ፓተርሰንና በርንሃርድ ዬኒ በ2018 አወጡት። ስፋቱ ትክክል፣ ኬክሮሶቹ ቀጥ ያሉ፣ አፍሪካም መልኳን ያጣችበት አይደለም። ሞልቫይደ (1805) እና በውቅያኖሶች ላይ የሚቆራረጠው የጉድ ሆሞሎሳይን (1923) ለሳይንሳዊ ዳታ ጥሩ ናቸው። ሮቢንሰንንና ዊንክል ትሪፕልን ግን አይሳሳቱባቸው። ሁለቱም ለዓይን ሚዛናዊ ይመስላሉ፤ የናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበርም ሮቢንሰንን ከ1988 ጀምሮ፣ ዊንክል ትሪፕልን ከ1998 ጀምሮ ለዓለም ካርታው ተጠቅሟል። ስፋት ጠባቂ ግን አይደሉም።

4ኛ፦ ፕሮጀክሽኑን ሶፍትዌሩ ውስጥ ማበጀት

በሴቲንግስ ዝርዝር ውስጥ «ከስተም ፕሮጀክሽንስ» የሚለውን ከፍተው አዲስ ይጨምሩ። የሚሰጡት አምስት ነገር ብቻ ነው፦ የፕሮጀክሽኑ ዓይነት (ላምበርት አዚሙታል ስፋት ጠባቂ)፣ የመነሻ ኬክሮስ 9፣ የመነሻ ኬንትሮስ 40.5፣ ዳተሙ (ልኬቱ የሚነሳበት የምድር ሞዴል) ደብሊውጂኤስ 84፣ መለኪያው ሜትር። ስሙን ሌላ ሰው እንዲረዳው አድርገው ይስጡት። ከአገሩ መሃል በስተምዕራብና በስተደቡብ ያሉ ነጥቦች አሉታዊ ቁጥር ይይዛሉ፤ መነሻው መሃል ላይ ስለሆነ ነው፣ የተበላሸ ነገር የለም።

5ኛ፦ ዳታውን መለወጥ እንጂ ስም መለጠፍ አይደለም

ከጀማሪም ከነባርም ብዙ ጊዜ የሚታየው ብልሽት እዚህ ነው። አንድ ሌየር ያለበትን ፕሮጀክሽን መንገርና ወደ ሌላ ፕሮጀክሽን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። «ሴት ሌየር ሲአርኤስ» መለያውን ብቻ ይቀይራል፤ ቁጥሮቹን አይነካም። የሚፈልጉት «ሪፕሮጀክት ሌየር» የሚባለውን ነው።

በዲግሪ ያለ የኢትዮጵያ ወሰን ላይ የዩቲኤም 37 ስም ቢለጥፉበት ምን ይሆናል? ሶፍትዌሩ 39 ዲግሪን 39 ሜትር፣ 9 ዲግሪን 9 ሜትር አድርጎ ያነበዋል። አገሪቱ በሙሉ 15 ሜትር በ12 ሜትር ገደማ የሆነች ቁራሽ ሆና ምዕራብ ኬንያ ላይ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ አጠገብ ታርፋለች። ካርታዎ ድንገት ከጠፋብዎት እዚያ ይፈልጉት።

የቆዩ የኢትዮጵያ ቶፖግራፊ ካርታዎች በአዲንዳን ዳተም ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ዞን 37 በአዲንዳን ኢፒኤስጂ 20137፣ በደብሊውጂኤስ 84 ደግሞ 32637 ነው። ሁለቱን ማምታታት ስፋቱን ያን ያህል አይለውጠውም፤ ቦታውን ግን ወደ 200 ሜትር ገደማ ያንሸራትተዋል። ማሳው የጎረቤት መሬት ላይ ሄዶ ይቀመጣል ማለት ነው።

ረጃጅም ቀጥ ያሉ ወሰኖችም ትኩረት ይሻሉ። በኦጋዴን በኩል ያለው የኢትዮጵያና የሶማሊያ መስመር በብዙ ዳታ ውስጥ በጥቂት ነጥቦች ብቻ ተሠምሯል። ሲለወጥ የሚዛወሩት ነጥቦቹ ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መስመር በአዲሱ ካርታ ላይ እንደገና ቀጥ ብሎ ይሠመራል፣ ማለፍ ከነበረበትም ቦታ ፈቀቅ ይላል። ከመለወጥዎ በፊት «ዴንሲፋይ» በሚለው መሣሪያ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ነጥብ ያስገቡ።

6ኛ፦ የሳተላይት ምስል ከሆነ

የመሬት ሽፋን ዳታ አብዛኛውን ጊዜ በዲግሪ ይመጣል። ፒክስል ቆጥሮ በአንድ ቁጥር ማባዛት የሚያሳስተው ለዚህ ነው፤ በዲግሪ እኩል የሆኑ ፒክስሎች ሁመራ ላይ ከሞያሌው በ3 በመቶ ያህል ይጠባሉ። መጀመሪያ ወደ ስፋት ጠባቂው ይለውጡ፣ ከዚያ ይቁጠሩ።

ሲለውጡ የቅርቡን ፒክስል ዋጋ እንዳለ የሚወስደውን «ኒረስት ኔበር» የሚለውን ዘዴ ይምረጡ እንጂ አማካይ የሚያወጣውን አይምረጡ። የአውሮፓ ስፔስ ኤጀንሲ ወርልድከቨር ዳታን እንደ ምሳሌ ይውሰዱ፦ 10 ዛፍ፣ 20 ቁጥቋጦ፣ 30 የሣር መሬት ነው። የጫካና የሣር መሬት ድንበር ላይ ሶፍትዌሩ 10 እና 30ን ቢያማክል 20 ይሰጣል። መሬት ላይ የሌለ ቁጥቋጦ በየጫካው ዳር በቀለ ማለት ነው፤ ካርታውም ፍጹም ጤነኛ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም።

7ኛ፦ ሳይፈትሹ አያትሙ

መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ቅርጽ ሰጥተው ይሞክሩት። ከ9 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ ያለ ባለ አንድ ዲግሪ ሣጥን ይሥሩ፤ ጎኖቹ ላይ በ«ዴንሲፋይ» ነጥብ ያብዙ፤ ወዳበጁት ፕሮጀክሽን ይለውጡና በጠፍጣፋው «ኤሪያ» ይለኩት። 12,145 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መውጣት አለበት። በድረ ገጽ መርካቶር ያው ሣጥን 12,560 ገደማ ይሰጣል፤ ልዩነቱ ከ40 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። ያገኙት ቁጥር ወደ ሁለተኛው ከቀረበ አንድ ቦታ ላይ ሳይለወጥ የቀረ ሌየር አለ። ከዚያ የራስዎን ዳታ በሁለቱም ስሌት፣ በኤሊፕሶይድና በጠፍጣፋ ይለኩ፤ በስፋት ጠባቂ ፕሮጀክሽን ላይ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ልዩነቱ ከአንድ በመቶ ሽራፊ ካለፈ ወደ 5ኛው ደረጃ ይመለሱ።

ፕሮጀክሽን የማይመልሰው ነገርም አለ። ካርታ የሚለካው አግድም ስፋትን ነው። በደጋው 30 ዲግሪ ያዘነበለ ተዳፋት ላይ ያለ ማሳ ገበሬው የሚያርሰው ገጽ ካርታው ከሚያሳየው በ15 በመቶ ያህል ይበልጣል። የእርከን ሥራ ወይም የዘር መጠን የሚያሰሉ ከሆነ የከፍታ ሞዴል አምጥተው ተዳፋቱን ለብቻ ያስሉ። የከፍታው የራሱ ተጽዕኖ ግን ትንሽ ነው፤ አዲስ አበባ ባለችበት 2,300 ሜትር ላይ ከ0.1 በመቶ አይደርስም፣ ከቀያሽ በቀር ማንም አያስበው።

ካርታው ሲያልቅ ግርጌው ላይ የፕሮጀክሽኑን ስም፣ የመነሻ ኬክሮስና ኬንትሮሱን፣ ዳተሙን ይጻፉ፦ «ላምበርት አዚሙታል ስፋት ጠባቂ፣ መሃል 9 ዲግሪ ሰሜን 40.5 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ደብሊውጂኤስ 84»። ስፋት የያዘ ሠንጠረዥ ካለም ቁጥሩ በኤሊፕሶይድ ይሁን በጠፍጣፋ ስሌት የወጣው እዚያው ከሥሩ ይግባ።